በስልክ የተፈታው ግዝት

እኛ ደባርቅ ከተማ የተወለድን ልጆች ግዝትን የምናውቀው በወሬ ነው። ቄስ ሲቆጣ የሚናገረው፣ ሽማግሌ የሚፈራው፣ ለተማረ ሰው ግን የማይደርስ ነገር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቄስ በአደባባይ በእኔው ላይ ገዝተው መንደሩ በአንድ ጀምበር ፊቱን ሲያዞርብኝ ነው ምንነቱ የገባኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከ ዛሬ ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ስጽፈው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የራሴን ጥፋትም አልደብቅም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ፣ ከደባርቅ ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ከመኪናው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ ተመድቤ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ሕፃናት እከትባለሁ፣ ነፍሰ ጡሮችን እከታተላለሁ፣ መጸዳጃ ቤት አስቆፍራለሁ፣ የወሊድ መከላከያ እሰጣለሁ። ሥራዬን እወድ ነበር። ችግሬ አፌ ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ይቀድምና ልብሽ ኋላ ይደርሳል» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ሙገሳ ነበር የምቀበለው።

በዚያ ዓመት በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ለስንት ሴት ማስገባት እንዳለብኝ ከበላይ ዕቅድ ወርዶልኝ ነበር። በየሳምንቱ ይደወላል። «ስንት ደረስሽ?» ይሉኛል። ማን ናት፣ ተመችቷታል ወይ፣ ባሏ ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም እየቆየሁ ሴቶቹን በቁጥር ማየት ጀመርኩ። እሷን ብጨምር ስድስት ይቀረኛል እያልኩ ነበር የማስበው።

አንድ የማርያም ዕለት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲሰበሰቡ፣ እንዲህ ያለ ጉባኤ ከየት ይገኛል ብዬ ማንንም ሳላስፈቅድ መሃል ገብቼ ማስተማር ጀመርኩ። ጥቂት ወንዶችም ቆመው ይሰማሉ። ከነሱ አንዱ አዛናው ነው። ባለ ሁለት ጥማድ ገበሬ ነው፤ አንደበተ ርቱዕ፣ ሬዲዮ ከጆሮው የማይለይ። ሚስቱ የሻረግ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፤ ሰባተኛዋን ልጅ አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ነው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ አዛናው። «በጀቱም፣ የምክር ቤት ወንበሩም በሕዝብ ቁጥር ነው ይላሉ። ታዲያ ቆጠራ ሲመጣ እኛ አንሰን እንድንገኝ የሚፈልገው ማነው? ሌላው እየወለደ የእኛ ሴቶች ብቻ ክንዳቸው የሚቀደድ ለምንድን ነው?»

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ደብተር ቁጥር እንጂ ሌላ አለመያዙ አናደደኝ። «እኔ ፖለቲካ ልሰብክ አልመጣሁም» አልኩ።

አንዲት አሮጊት ነገሩን ሊያበርዱ ፈልገው፣ «ተይው ልጄ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል። የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» አሉ።

እዚህ ላይ ነው አፌ የቀደመኝ። «በዕድሉ ያድጋል?» አልኩ፣ እጄን ከኋላቸው ወዳለው የሕፃናት መቃብር እየዘረጋሁ። «እዚያ ያሉት ታዲያ በዕድላቸው አደጉ? ስንት እንደሆኑ እስኪ ዞር በሉና ቁጠሯቸው!»

የሻረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሁለት ልጆች እዚያ መቅበሯን አውቅ ነበር፤ ካርዷ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከበስተኋላዬ ደግሞ ቄስ አየልኝ ቆመው ኖሯል። የደብሩ አለቃ፣ የመንደሩ የግማሹ የንስሐ አባት ናቸው።

«ልጄ» አሉኝ በቀስታ፣ «ከነዚያ ውስጥ ሦስቱ የእኔ ናቸው።»

እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ፊት መሸነፍ ሞት መስሎኝ፣ «እንግዲያው ከሁሉም ይበልጥ እርስዎ ያውቁታል አባ» አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቄስ አየልኝ ፊታቸው ደም መሰለ። መስቀላቸውን አነሡ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህች ልጅ እጅ መድኃኒት የተቀበለ፣ ከቤቱ ያስገባት፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ውግዝ ይሁን!»

በማግስቱ ጤና ኬላው ጭር አለ። የሚከተብ ሕፃን እንኳ ጠፋ። አንዲት ሴት ብቻ መጥታ ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች። ከወራት በፊት ክንዷ ላይ የቀበርኩትን እንዳወጣላት ፈልጋ ነው። ግን ለማውጣትም በእጄ መነካት ሊኖርባት ነው። ብዙ አሰበች፣ ወደ ክንዷ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ በመጨረሻ «ግድ የለም፣ ይቅር» ብላ ተመለሰች። በሰዓቱ ስቄ ነበር። ሳምንት ሲደገም ግን ሳቁ ጠፋ። አለቆቼ «ሽማግሌ ላኪና ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ፤ እኔ «ይቅርታ መጠየቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው» ብዬ ተኮፈስኩ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ ከእነ አዛናው ቤት በኩል እልልታ ሰማሁ። ቆጠርኩ፤ ሦስት ነው። ሴት ተወልዳለች ማለት ነው። የሻረግ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትወልድ ቀድመን ተነጋግረን ነበር፤ ግዝቱ መጣና ቤቷ ቀረች። ቢሆንም በሰላም ተገላገለች ብዬ ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የአዛናው እናት፣ እማማ ጥሩነሽ፣ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ እየሮጡ መጡ። ከኬላው አጥር ውጭ ቆሙ።

«ልጄ፣ እንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ደሙ ግን አልቆም አለ።»

ቦርሳዬን አንሥቼ ቀደምኳቸው። ቤታቸው ደርሼ በአጥሩ በር ልገባ ስል ከኋላዬ ደርሰው ቀሚሴን ያዙኝ።

«በማርያም ይዤሻለሁ፣ እዚህ ላይ ቁሚ! እንዳትገቢ!»

«እማማ፣ እኮ ልትሞት ነው!»

«አውቃለሁ። ለዚህ አይደል ወዳንቺ የሮጥሁ? አባ የገዘቱት እጅሽንና እግርሽን ነው። ድምፅሽን አልገዘቱም። እዚሁ ሆነሽ ንገሪኝ፣ እኔ እሠራለሁ።»

እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም። አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ጮኽኩ። «ከእምብርቷ በታች እጅዎን ያሳርፉ! ጠንከር አድርገው ይሹት! ኳስ መስሎ እስኪጠነክር አያቁሙ! ሕፃኗን ጡት አስይዟት!» እማማ ጥሩነሽ ከውስጥ «ጠነከረ!» ይሉኛል፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «መልሶ ላላ! ደሙ ባሰ!» ይላሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ደም የሚያቆም ክኒን አለ። ለዚህ ለዚህ የተሰጠኝ ነው።

«ክኒን አለ! ከምላሷ ሥር ይደረግላት! እንኩ፣ ልወርውርላችሁ!»

ከውስጥ የመለሰችልኝ የሻረግ ራሷ ናት። ድምፅዋ ደክሟል። «ተይው እህቴ። ካንቺ ከተቀበልሁ ውግዝ መሆኔ ነው። ውግዝ ሆኜ ብሞት ፍትሐት የለኝም፤ ልጆቼም የውግዝ ልጆች ይባላሉ። እንዲሁ ልሙት።»

አዛናው ከቤት ወጣ። ያ ለነገር የማያንስ ሰው ከንፈሩ ደርቋል። «አባ አምባ ጊዮርጊስ ተዝካር ሄደዋል» አለኝ። «የገዘተ ካልፈታ ማን ይፈታል?»

«ስልክ አላቸው?»

«አላቸው። እዚህ ግን ኔትወርክ የለም።»

ኔትወርክ ያለው ኮሶው ዛፍ ካለበት ጉብታ ላይ ነው። ወደ መኪና መንገዱ የሚያስወጣውም በዚያው በኩል ነው። ጎረቤት ተጠራ። አራት ወንዶች የሻረግን በቃሬዛ አንሥተው ዳገቱን ያዙ። እማማ ጥሩነሽ ሕፃኗን በአንድ እጃቸው ታቅፈው በሌላው የእናቷን ሆድ እያሹ ከጎኗ ይሄዳሉ። እኔ እንዳልነካት ሦስት ርምጃ ያህል ተለይቼ እከተላለሁ፤ ክኒኑን እፍኜ ውስጥ ጨብጨዋለሁ። ከቃሬዛው በታች ደም ጠብ ጠብ ሲል አያለሁ። ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ። እኔም በልቤ እላለሁ፤ እንደዚያ ቀን ከልቤ ብዬው አላውቅም።

አዛናው የፊቱን ቀኝ ነው የያዘው። ዳገቱ መሃል ላይ ዞር ሳይል፣ «እህቴ» አለኝ። «ያን ቀን ስለ ቁጥር ስከራከርሽ፣ ከቁጥሩ ውስጥ እሷ መኖሯን አላሰብሁም።»

«እኔም አላሰብኩም ነበር» አልኩት።

ጉብታው ላይ ደርሰን ከነቃሬዛው አወረዷት። ፊቷ አመድ መስሏል። የልብ ትርታዋን ማየት ፈልጌ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። የቄስ አየልኝን ቁጥር ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደገምኩ። ዝግ ነው። ለአምቡላንስ ደወልኩ፤ ከደባርቅ እየመጣ ነው፣ መንገዱም ዛሬ ክፍት ነው አሉኝ። ከዚያ አዛናው ተዝካሩ ላይ የአክስቱ ልጅ እንዳለ አስታወሰና ደወለለት። «አባን አምጣልኝ! ከዳሱ ግባና ጎትተህም ቢሆን አምጣልኝ!» ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ።

ጠበቅን። በስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታ፣ የሩጫ ኮቴ ይሰማል። የሻረግ ዓይኗን ከደነች። «የሻረግ! አትተኝ!» ብዬ ጮኽኩ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ።

«ማነው?»

አዛናው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ለምን ለእኔ እንደሰጠኝ አላውቅም።

«አባ፣ እኔ ነኝ። ስለእናት። የጤናዋ ልጅ።»

ይዘጉታል ብዬ ፈራሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር ተናገርኩ። «አባ፣ በድያለሁ። በልጆችዎ መቃብር ላይ አፌን ከፍቻለሁ። እኔን እንደ ፈቀዱ ያድርጉኝ። የሻረግ ግን ወልዳ ደሟ እየፈሰሰ ነው። ማቆሚያው እጄ ላይ አለ፤ ግዝትዎን ፈርታ አልቀበልም ብላ እፊቴ ልትሞት ነው። እሷን ይፍቱልኝ።»

«አምላኬ!» አሉ። ከዚያ ግራ ተጋቡ። «የገዘትሁት እኮ በደጀ ሰላም፣ በመስቀል ነው። በስልክ እንዴት ሆኖ ይፈታል?»

ከአጠገባቸው የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ኋላ እንደሰማሁት አንድ መነኩሴ ናቸው። «ስትገዝት በምንህ ገዘትህ? ባፍህ አይደል? አፍህ እንደሆነ ይኸው አብሮህ መጥቷል!»

«መስቀሌን አቀብሉኝ» አሉ ቄስ አየልኝ። «ልጄ፣ ድምፁን ከፍ አርጊና ለባሏ ስጭው። ሁሉም ይስማ።»

አዛናው ስልኩን ከጆሮዋ አጠገብ ያዘ። ተሸካሚዎቹ ከራሳቸው ላይ ጥምጣማቸውን አወረዱ።

«የሻረግ፣ ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«አቤት አባ» አለች፤ ከንፈሯ ነው የተነቃነቀው።

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን እግዚአብሔር ይፍታሽ። በአፌ ያሰርሁት በአፌ ተፈቷል። አሁን አፍሽን ክፈችና የምትሰጥሽን ተቀበይ። የንስሐ አባትሽ ነኝ፣ አዝዤሻለሁ።»

የሻረግ አፏን ከፈተች።

ተንበርክኬ ክኒኖቹን ከምላሷ ሥር አደረግኩላት። ከስልኩ ውስጥ፣ እንደሚያዩኝ ሁሉ፣ «ስለእናት፣ አይዞሽ። እጅሽን አበርች» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። ከእማማ ጥሩነሽ ተቀብዬ ሆዷን በገዛ እጄ ማሸት ያዝኩ። ተሸካሚዎቹ አነሡ፤ እየሮጥኩ አሸሁ። መኪና መንገዱ ሳንደርስ ማህፀኗ እጄ ሥር ጠነከረና ሳይላላ ቀረ። ደሙ ቀነሰ። እኔ ግን እዚያው መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ደባርቅ ሆስፒታል ደም ያስፈልጋታል ሲባል አዛናው ክንዱን ሰጠ። መርፌውን ሲያይ ላብ አጥምቆት ነበር። ነርሷ «አንተ ነህ እንዴ ወላዱ?» ብላ ስትቀልድበት ሁላችንም ሳቅን። ወደ ማታ የሻረግ ዓይኗን ገልጣ አጥሚት ጠየቀች። የዋርዱ ሴቶች በየአልጋቸው ሆነው «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት።

ቄስ አየልኝ ከተዝካሩ በተመለሱ ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ቁጠሯቸው ነበር ያልሽ» አሉኝ። «እኔ ቆጥሬያቸው አላውቅም። በስማቸው ነው የማውቃቸው። ደሳለኝ ትልቁ ነበር፤ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ጨርሶ ነበር። ማርሸት ጥርሷ ገና ወጥቶ ነበር። ሦስተኛው አርባ ቀኑ ሳይደርስ ሞተ፤ የክርስትና ስም እንኳ የለውም። ስጸልይለት ምን ብዬ እንደምጠራው ይቸግረኛል።» ቀጥለው፣ «የእኔም ጥፋት አለበት። የራሴን ሐዘንና ንዴት በእግዚአብሔር ስም አወጣሁት። አንዲት እናት ልትሞትበት ነበር» አሉ።

ያን ቀን የሰማሁትን ያህል በሥልጠና ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ግዝቱን ፈቱ። እኔም በዚያው ሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ቄስ አየልኝ ግን መከላከያውን ባርከው ሰጡ ብላችሁ እንዳታስቡ። እንዲህ ነው ያሉት፦ «ይህን ነገር ውሰዱ ብዬ አላዝም። ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ጾምንና መታቀብን ነው። እናንተ ወንዶች የጾሙን ቀን ሁሉ ከምግቡም ከመኝታውም ብትጾሙት ኖሮ፣ ይህች ልጅ ሥራ ፈት ሆና በተቀመጠች!» ወንዶቹ መሬት መሬት እያዩ ሳቁ፤ ሴቶቹ ግን በግልጥ ነው የሳቁት። «እኔ ግን የሴትን ነፍስ በግዝት አላስርም። ለክትባት፣ ለወሊድ፣ ወደሷ ሂዱ። የቀረው በባልና ሚስት መካከል ነው፤ ለኔም በንስሐ ንገሩኝ፣ እንመካከራለን።» እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ከእሳቸው ጋር አንድ አይደለንም። ግን የማያስማማን እንዳለ ሆኖ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር መጀመሪያ የሚደውሉልኝ እሳቸው ናቸው።

አንባቢዎቼ፣ እኔን የለወጠኝ ምን እንደሆነ በቀጥታ ልንገራችሁ። ዕቅድ ያወረዱልኝ ሰዎች ልጅ እንዲያንስ ይፈልጉ ነበር። እነ አዛናው ወገን እንዳያንስ ብለው ልጅ እንዲበዛ ይፈልጉ ነበር። ሁላችንም የምንከራከረው ስለ የሻረግ ማህፀን ነበር፤ እሷን ግን ማናችንም አላናገርናትም። ዛሬም ቀበሌው ይጠበዋል፣ መሬቱ ለወንድሞች ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ቀን ተኩል እንኳ የማያሳርስ ሆኗል፤ የአዛናው ጥያቄም እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ አልንቀውም። ከሁለቱም በፊት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እሱን ሳልጠይቅ ቦርሳዬን አልከፍትም።

ሕፃኗ ለመጀመሪያው ክትባት ስትደርስ የሻረግና አዛናው አብረው ጤና ኬላ መጡ። ሕፃኗን ከተብኳት። አልቅሳ ዝም ስትል ወደ እናቷ ዞርኩ።

«የሻረግ፣ አንቺ ስንት ልጅ ትፈልጊያለሽ?»

አዛናው ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ እኔን አየና ዘጋው። የሻረግ ብዙ ቆየች። ያልገባት መስሎኝ ልደግምላት ስል፣ «ሰምቼሻለሁ» አለችኝ። «ሰባት ስወልድ የጠየቀኝ ስለሌለ፣ መልሱን እየፈለግሁት ነው።»

አላጣደፍኳትም። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አዛናውም ሕፃኗን ተቀብሎ አቀፈና እንደ እኔ ጠበቀ።